የባንኩ እሺ

ሰው «እሺ» ሲል ከልቡ እሺ ማለቱ በምን ይታወቃል?

ልደታ ይህን የጠየቀችው በኋላ ነው። ያን የሚያዝያ ቀን ግን ጥያቄው ራሱ ባቡሯ ላይ ተሳፍሮ፣ ግንባሩን መስኮት ላይ አስደግፎ፣ አፉን በሰፊው ከፍቶ ተኝቶ ነበር።

ልደታ የስቶክሆልም ቱነልባና፣ የከተማው ባቡር፣ ነጂ ናት። ቀዩን መስመር ከሮፕስተን እስከ ኑሽቦርይ፣ አንዴ ከመሬት በታች እየገባች አንዴ ከመሬት በላይ እየወጣች ትመላለሳለች። መስመሩ ሲያልቅ ካቢኗን ቆልፋ፣ ቦርሳዋን አንግታ፣ በባቡሩ ጎን ጎን ወደ ሌላኛው ጫፍ ትሄዳለች። ሳይወርድ የቀረ ሰው ካለም ትቀሰቅሳለች። የሰከረ አለ፤ የደከመ አለ፤ መሄጃ የሌለውም አለ።

የዚያን ቀኑ ሰው ጉልበቱ ላይ ክምር ወረቀት ይዞ ነበር።

«የመጨረሻው ጣቢያ ነው» አለችው በስዊድንኛ፣ ትከሻውን ነካ አድርጋ።

«እሺ እማዬ፣ ተነሣሁ» አለ በአማርኛ፣ ዓይኑን ሳይገልጥ።

ልደታ ሳቋ አመለጣት። «እናትህስ አይደለሁም። የባቡሩ ነጂ ነኝ።»

ዓይኑ ተገለጠ። አያትና ብድግ ሲል ወረቀቱ ሁሉ ወለሉ ላይ ተበተነ። «ይቅርታ እህቴ… ሃሉንዳ ነበር የምወርደው።»

«ሃሉንዳን አልፈኸው መጥተሃል። አርፈህ ተቀመጥ፣ እኔው እመልስሃለሁ። መንገዴ ነው።»

ጎንበስ ብላ ወረቀቱን ስታነሣለት እጇ አንድ ገጽ ላይ ቀረ። ከላይ በትልቁ «ሎነሺድ» የሚል ተጽፎበታል። ይህን ቃል ታውቀዋለች። በየወሩ ከእናቷ የባንክ ሒሳብ ላይ ገንዘብ እየቆነጠረ የሚሄድ ቃል ነው።

«ይሄ ነገር አንተ ጋ ምን ይሠራል?»

«የብድር መድን ነው። ከተበደርሽ በኋላ ብትታመሚ ወይም ሥራ ብታጪ ክፍያሽን እንሸፍናለን ይሉሻል። ቋሚ ሥራ ለሌለው ሰው ግን ጥቅም የለውም። እኔ እንዲህ ያለውን ለማይሆነው ሰው የሸጡበትን ገንዘብ አስመልሳለሁ። የኮሙኑ፣ የማዘጋጃ ቤቱ፣ የዕዳ አማካሪ ነኝ፤ ባርናባስ እባላለሁ።»

«እናቴ ቋሚ ሥራ ኖሯት አያውቅም። ቲምቪካሪ ናት፤ ሲደውሉላት ትሄዳለች፣ ካልደወሉላት ትቀመጣለች።»

ባርናባስ አሁን ገና በደንብ ነቃ። «እና ሸጡላት?»

«ሸጡላት። ትከሻዋን ስትታመም ደግሞ ‹አንቺ ነሽ የዋሸሽን› አሏት።»

ቀና ብሎ አያት። ያ አስተያየት የልደታን ጆሮ አሞቀው። የመነሻ ምልክቱ በርቶ እየጠበቃት መሆኑንም ረሳች።

«ሐሙስ ሃሉንዳ ቤተ መጻሕፍት ነኝ። እናትሽን ይዘሻት ነይ።»

«ከተኛህብንስ?»

«የሰው ዕዳ እየሰማሁ አልተኛም። የምተኛው ሰምቼ ስጨርስ ነው።»

ሃሉንዳ ላይ ወርዶ በነጂው ካቢን በኩል ሲያልፍ እጁን አነሣላት። እሷም አነሣች። ባቡሩ የተነሣው በሰዓቱ ነው፤ ልደታ ግን እስከ ሊሊየሆልመን ድረስ ለብቻዋ ፈገግ ብላ ነዳች።

የልደታ እናት ወይዘሮ ሙሉወርቅ ብድሩን የወሰዱት ወንድማቸው ንጋቱ ለልብ ቀዶ ሕክምና ባንኮክ በሄደ ጊዜ ነው። ንጋቱ ድኖ ተመለሰ፤ ብድሩም ቀስ በቀስ እየተከፈለ ነው። መድኑን ሲገዙ ምን እንደገዙ እንኳ አልገባቸውም ነበር። አረጋውያን ቤት አልጋ ሲያነሡ ትከሻቸው ከተጎዳ በኋላ ግን ክፈሉልኝ ብለው ጠየቁ። መልሱም «ቋሚ ሥራ አለኝ ብለው አረጋግጠዋል፤ የተሳሳተ መረጃ ሰጥተውናል» የሚል ሆነ።

«ገንዘቡን ይብሉት!» ነበር የሚሉት ለልደታ። «እኔ እኮ በዚህ ዕድሜዬ ውሸታም ተብዬ አላውቅም። እኔን ሙሉወርቅን!»

ከዚያ ወዲህ እንቅልፋቸው ሸሸ። እሑድ ከቅዳሴ ሲወጡ ሰው ሰላም ሲላቸው ቀና ብለው አያዩም፤ ያ ስድብ ግንባራቸው ላይ የተጻፈ ይመስላቸዋል።

ሐሙስ ቤተ መጻሕፍት ሲገቡ ባርናባስ ከመቀመጫው ተነሥቶ፣ ጎንበስ ብሎ ጨበጣቸውና ወንበር ሳበላቸው።

«እትዬ ሙሉወርቅ፣ ባንኩ በስልክ ሲደውልልዎት ምን ብሎ ጀመረ?»

«‹እንደምን ነዎት፣ ደህና ከርመዋል?› አለኝ። ልጄ፣ እዚህ አገር ከገባሁ እንደምን ነሽ ያለኝ ባንክ እሱ የመጀመሪያው ነው! አሁን እስቲ፣ ደህንነትህን የጠየቀን ሰው እንዴት እምቢ ትለዋለህ?»

ልደታ አፈረች፤ ይስቅባቸዋል ብላ ጠበቀች። ባርናባስ ግን አልሳቀም።

«የእኔም እናት ሃግሴትራ ተቀምጣ በስልክ ሦስት መጽሔት ተመዝግባለች። አንዱ ስለ ጀልባ ነው። ጀልባ ቀርቶ ባኞ ገንዳ የላትም።»

የሳቁት ወይዘሮ ሙሉወርቅ ናቸው። አፋቸውን በነጠላቸው ጫፍ ሸፍነው፣ ዕንባቸው እስኪመጣ። ልደታ እናቷ እንዲህ ሲስቁ ካየች ዓመት አልፏታል። ቀና ስትል የባርናባስ ዓይን እሷ ላይ ነበር፤ ሁለቱም ባንድ ጊዜ ወደ ወረቀቱ አቀረቀሩ።

«ስልኩ ይቀረጻል» አለ ባርናባስ ጉሮሮውን ጠርጎ። «ድምፅዎን መልሰው መስማት መብትዎ ነው። እንጠይቃቸው።»

ባንኩ ቅጂውን ለመላክ አልቸኮለም። ልደታም እንዳይቸኩል በልቧ ተመኘች። መጠበቁ ጣፋጭ ሆኖባታልና።

ባርናባስ ከሥራ ሲወጣ ባቡሯን እየጠበቀ ይሳፈር ጀመር። ነጂ ስትነዳ ስልክ አትነካም፤ ስለዚህ ከኋላ ሆኖ መልእክት ይጽፍላታል፣ እሷ መስመሩ ጫፍ ላይ ስትደርስ ታነበዋለች። «ስሉሰን ላይ ስትቆሚ ባቡሩ አልተንገጫገጨም። እንደ እናት ነው የምታቆሚው።» «ከፊቴ የተቀመጡት አሮጊት ‹ዛሬ የሚነዳው ማን ነው፣ ጥሩ ይነዳል› አሉ። አውቃታለሁ ብዬ ኮራሁ።» እሷ ስትጽፍለት ደግሞ መልሱ ወዲያው ከች ይላል። አንድም ቀን አዘግይቶባት አያውቅም።

ዕረፍት ስታገኝ ሊሊየሆልመን ወርደው በእግራቸው ውኃው ዳር ይደርሳሉ። ባርናባስ ከነቀምት በልጅነቱ ነው የመጣው። ልደታ በአማርኛው ትቀልዳለች፤ እሱ ደግሞ ባቡር ነጂ ሆና በእግሯ ቀስ በማለቷ።

«የጀመርሽውን ምህንድስና ለምን ተውሽው?» አላት አንድ ቀን።

«ሉሌዮ ድረስ ሄጄ ጀምሬው ነበር። አንድ ቀን ተነሥቼ፣ እሺ ያልኩት እኔ ነኝ ወይስ አጎቶቼ ብዬ ጠየቅኩ። አጎቶቼ ሆነው ተገኙ።»

ቅጂው በሰኔ መጣ። ሃሉንዳ፣ በወይዘሮ ሙሉወርቅ ማዕድ ቤት፣ ሦስቱም ጠረጴዛው ላይ በተቀመጠው ላፕቶፕ ዙሪያ ተሰበሰቡ። ያቀረቡትን ሻይ ማንም አልነካውም።

መጀመሪያ የሻጩ ድምፅ መጣ፤ ፈጣን፣ ደስተኛ። እንደምን ነዎት አለ። ወይዘሮ ሙሉወርቅ በተሰባበረ ስዊድንኛቸው ስለ ጤናቸው፣ ስለ ወንድማቸው፣ ስለ በረዶው መለሱለት።

«ልጄ ነው የመሰለኝ» አሉ ለራሳቸው፣ እያዘኑ።

«ቋሚ ሥራ አለዎት?» ይላል ሰውየው።

«እኔ ቲምቪካሪ ነኝ። ሲጠሩኝ ነው የምሄደው።»

ባርናባስ ጣቱን ወደ ላይ አነሣ። ልደታ ወደ ላፕቶፑ ተጠጋች።

«በጣም ጥሩ! እየሠሩ ነው ማለት ነው። እንግዲህ ይስማሙልኝና እንጨርስ።»

ቅጂው ብቻ ተንሿሿ። ከዚያ የወይዘሮ ሙሉወርቅ ድምፅ ተሰማ። በስዊድንኛው መካከል አማርኛቸው አምልጧቸው፣ ቀጭን፣ ወደ ውስጥ የተሳበ፣ መጨረሻው በትንፋሽ የተቆረጠ «እሺ…» አሉ።

ቅጂው አበቃ።

«ተናግሬያለሁ!» ወይዘሮ ሙሉወርቅ ወንበራቸውን ገፍተው ተነሡ። «ሰማችሁ? ነገርኩት እኮ! ሲጠሩኝ ነው የምሄደው ብዬ አፍ አውጥቼ ነግሬዋለሁ!»

«ነግረውታል!» አለ ባርናባስ ከእሳቸው እኩል እየጮኸ። «ሰምቶ ነው ያለፈው!»

ወይዘሮ ሙሉወርቅ እልል አሉ። ቀጥለውም በደህናው ትከሻቸው ብቻ እስክስታ መቱ። የታመመው ትከሻ ዝም ብሎ ቆሞ ደህናው ሲንቀጠቀጥ ልደታ ሳቅና ልቅሶ ተቀላቀለባት። ባርናባስ እያጨበጨበ በጠረጴዛው ላይ አሻግሮ አያት። ልደታ ያን ጊዜ ነው ያወቀችው። ይህን ሰው እወደዋለሁ አለች በልቧ፣ ሌላ ማስረጃ አላስፈለጋትም።

«ተባረክ የኔ ልጅ!» አሉ ወይዘሮ ሙሉወርቅ እያለከለኩ። «የፊታችን እሑድ ቅዳሴ ላይ ስምህን አስጠራለሁ። አንተስ የት ነው የምታስቀድሰው?»

«እኔ እንኳ እትዬ… የምሄደው ከወንጌል አማኞች ጋር ነው።»

«እሺ» አሉ ወይዘሮ ሙሉወርቅ። ተቀመጡና የቀዘቀዘውን ሻይ ጠጡ።

ባርናባስ አቤቱታውን ከድምፁ ቅጂ ጋር የሸማቾችን ቅሬታ ለሚያየው ቦርድ ላከው። ነሐሴ ላይ ማልሞ ከተማ የተሻለ ሥራ አገኘ፤ መልሱን እስከ ሴፕቴምበር መጨረሻ ንገረን አሉት። በዚያው ሳምንት ጋምላ ስታን ድልድይ ላይ ልደታን አስቁሞ፣ ከሥራቸው ባቡር ሲያልፍ ንግግሩ እየተቋረጠበት ጠየቃት።

«እዚህ ብቀር… ማለቴ… ታገቢኛለሽ?»

«እሺ!»

«ባቡሩ ይለፍና ድገሚው።»

«እሺ አልኩህ እኮ! ደንቆሮ!»

አቅፎ ከመሬት አነሣት። አንዲት ቱሪስት አጨበጨበች።

ልደታ ቤት ገብታ ጫማዋን ሳታወልቅ ለእናቷ ነገረቻቸው። ወይዘሮ ሙሉወርቅ ሽንኩርት እየላጡ ነበር። ቢላዋው ትንሽ ቆመ።

«እሺ…» አሉ።

ልደታ አንገታቸውን አቅፋ ሳመቻቸው። ደስታዋ እስከ ማግስቱ ቆየ። በማግስቱ ሁስቢ ያለች ጓደኛዋን ለመጠየቅ በሰማያዊው መስመር ስትሄድ፣ ሌላ ሰው በሚነዳው ባቡር ውስጥ ሥራ ፈትታ ተቀምጣ ሳለ፣ የእናቷ ድምፅ ጆሮዋ ውስጥ ተመልሶ መጣ። ቀጭን፣ ወደ ውስጥ የተሳበ፣ መጨረሻው በትንፋሽ የተቆረጠ። ይህን እሺ ሰምታዋለች። በላፕቶፕ ሰምታዋለች።

ሁስቢ ሳትደርስ ወርዳ ተመለሰች።

«እማዬ፣ ትናንት ያልሽው እሺ የባንኩ እሺ ነው።»

«የምን ባንክ?»

«ለዚያ ሻጭ ያልሽው እሺ! እውነቱን ንገሪኝ።»

ወይዘሮ ሙሉወርቅ ወደ መስኮቱ ዞሩ። «ታዲያ ምን ልበል? ስሜን ሊያጠራልኝ የሚሮጥ ልጅ ነው። ውለታው እያለብኝ እምቢ ልበለው? በምን ዓይኔ?» የመጋረጃውን ጫፍ ያዙ። «እኔ ስሞት ማን ያስፈታኛል ልደታ? ልጅ ስትወልጂ በአርባ በሰማንያው ክርስትና ይነሣል ወይስ እንዲሁ ያድጋል? ይሄ ሁሉ እዚህ ተቀምጦብኛል።» ደረታቸውን ነኩ።

ልደታ ለባርናባስ ሊሊየሆልመን ውኃው ዳር ነገረችው። ደብቃው ልታገባው ትችል ነበር፤ ብዙ ሰው እንዲያ ያደርጋል። አልሆነላትም።

ባርናባስ ጠጠር አንሥቶ ውኃው ውስጥ ወረወረ።

«በይሉኝታ የተሰጠ እሺ አልወስድም» አለ። «ሥራዬ እኮ እሱን ማስመለስ ነው። እናትሽ እምቢ ካሉ እምቢታቸውን ልስማ፤ ቀርቤም ላነጋግራቸው። እውነተኛ መልስ ሳይሰጡኝ ግን እንደ አማች ቤታቸው አልገባም።»

«ማልሞስ?»

ጣቢያው በር ድረስ ብቻ ሸኛት። ከዚያ ወዲህ ባቡሯ ላይ አልተሳፈረም። መልእክት ስትጽፍለት ወዲያው ይመልሳል፤ ግን «ደህና ነኝ፤ አንቺስ?» ብቻ ነው። ልደታ መስመሩ ጫፍ በደረሰች ቁጥር ያን አጭር ቃል እያየች ቀዩ መስመር ረዘመባት።

የቦርዱ ውሳኔ የደረሰው በመስቀል ሳምንት ነው። ባንኩ የወሰደውን ሁሉ ከነወለዱ ይመልሳል። ወይዘሮ ሙሉወርቅ ገንዘቡ የተጻፈበትን መስመር አልፈው «እታች፣ እታች» እያሉ ልደታን አስነበቡ።

«‹ደንበኛዋ ስለ ሥራቸው ትክክለኛ መረጃ ሰጥተዋል።›»

«ድገሚው።»

ደገመችው።

«አሁን ደግሞ በስዊድንኛ፣ ጮክ ብለሽ። ጎረቤት ይስማ።»

ገና እያነበበች ስልኩ ጠራ። ወይዘሮ ሙሉወርቅ አነሡት። ከወዲያኛው ጫፍ ፈጣን፣ ደስተኛ ድምፅ ስለ መብራት ውል ያወራል፤ እንደምን ነዎትም ብሏል። ልደታ እጇን ለስልኩ ዘረጋች። እናቷ ግን በደህናው ትከሻቸው ከለከሏት።

«ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን። አንተስ ደህና ነህ? ቤተሰብስ?» አሉት በስዊድንኛቸው። ቀጥለውም፣ «አልፈልግም ልጄ። አይ። አልፈልግም አልኩህ። ደህና ዋል።»

ዘጉት። ስልኩን እንደ እባብ እያዩት ቆዩ።

«እምቢ አልኩት» አሉ በሹክሹክታ። ከዚያ ጮኹ፦ «እምቢ አልኩት እኮ! ሰማይ አልተደፋብኝም! ልጁም ‹ደህና ይዋሉ› ነው ያለኝ!»

ሁለቱም ተቃቅፈው እስኪያማቸው ሳቁ። ሳቁ ሲበርድ ወይዘሮ ሙሉወርቅ ነጠላቸውን አስተካክለው ተቀመጡ።

«ነይ ቁጭ በይ። አፌ ከተፈታ አይቀር፣ ያንን ልጅ በተመለከተ መጀመሪያ እምቢዬን ልንገርሽ። ወደ ጸሎት ቤታቸው ሊወስደኝ ቢመጣ እምቢ። በጾም ቤቴ ሥጋ ቢያስገባ እምቢ። ስሞት የሚፈቱኝ የእኔ ካህናት ናቸው፤ እሱ ከኋላ ቆሞ ያልቅስ። ክርስትናውን ልጁ ሲመጣ እንጨቃጨቅበታለን፤ እኔም እኖርና እጨቃጨቃለሁ።»

«ጨረስሽ?»

«ጨረስኩ። ከዚህ የቀረው…» ትንፋሽ ወሰዱ። «እሺ ነው!»

ከደረታቸው የወጣ፣ ወፍራም፣ ጠረጴዛ የሚመታ እሺ ነበር። ላይ ቤት ያለው ውሻ ጮኸ። ልደታ ተነሥታ ቆመች። ቅጂ አላስፈለጋትም፤ የእምቢ ታናሽ ወንድም ሆኖ የተወለደ እሺ ምን ዓይነት ድምፅ እንዳለው በጆሮዋ ሰማች።

ሥራ ልትገባ ነውና ሮጠች። ሮፕስተን ላይ ከመነሣቷ በፊት ጻፈች፦

«እማዬ ዛሬ ለስልክ ሻጭ እምቢ አለች። ቀጥሎ ለአንተም ብዙ እምቢ አለች፤ ሁሉንም እነግርሃለሁ። በመጨረሻ እሺ አለች፤ የራሷን እሺ። አንተስ? አሁን ከሮፕስተን እየተነሣሁ ነው።»

ላከችና ስልኩን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች።

እንደዚያ ቀን ነድታ አታውቅም። ጋምላ ስታን ላይ ከጨለማው ስትወጣ ውኃው በፀሐይ ነዶ ዓይኗን አጥበረበራት። ሊሊየሆልመን ላይ መድረኩ በሰው ተሞልቶ ስለነበር ማንንም መለየት አልቻለችም። ሃሉንዳ ላይ በሩ ተከፈተ፣ ተዘጋ፤ በካቢኗ በኩል እጁን ያነሣላት የለም። ዛሬ የሴፕቴምበር መጨረሻ ነው። ማልሞ ዛሬ መልሱን ይጠብቃል።

ኑሽቦርይ ደርሳ ስልኳን አወጣች። መልእክቱ ተነቧል። መልስ ግን የለም።

ያ ወዲያው የሚመልሰው ሰው! ካቢኗን ቆለፈች፣ ቦርሳዋን አነገተች፣ በባቡሩ ጎን ጎን መሄድ ጀመረች። ባዶ። ባዶ። ባዶ። የመጨረሻው ፉርጎ ውስጥ ግን አንድ ሰው ግንባሩን መስኮት ላይ አስደግፎ፣ አፉን ከልክ በላይ ከፍቶ ተኝቷል። ስልኩ እጁ ውስጥ ነው። የዓይኑ ሽፋሽፍት ይርገበገባል።

ልደታ ገብታ ከፊቱ ቆመች።

«የመጨረሻው ጣቢያ ነው።»

«እሺ» አለ ባርናባስ፣ ዓይኑን ሳይገልጥ።

«ማልሞስ?»

«እምቢ አልኳቸው። ደህና ይዋሉ ነው ያሉኝ።»

ያ ከሮፕስተን የተላከ መልእክት አሁንም ልደታ ስልክ ውስጥ አለ። እስከ ዛሬ መልስ አልተጻፈለትም።